የርዕደቱ መጠንና የንዝረቱ ብርታት

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ ምድር በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ብዙ ሰው አልጋው ሲወዛወዝ ከእንቅልፉ ባንኗል። እዚያው ከተማ ምድር ቤት ያደረው ደግሞ ወሬውን ጠዋት የሰማ አለ። ዜናው ለሁሉም የሚነግረው «በሬክተር ስኬል ይህን ያህል» የሚል አንድ ቁጥር ነው።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃል አለው፦ ማግኒቲውድና ኢንቴንሲቲ። በእኛ ዘገባ ሁለቱም «መጠን»፣ «ጥንካሬ»፣ «ኃይል» እየተባሉ ይደባለቃሉ። የመጀመሪያውን «የርዕደቱ መጠን»፣ ሁለተኛውን «የንዝረቱ ብርታት» ብለን እንለያቸው እላለሁ።

መጠኑ የሚሰላው ከምንጩ ነው፦ ከመሬት በታች ምን ያህል ስፋት ያለው ዓለት ተሰንጥቆ ምን ያህል ተንሸራተተ? ስለዚህ አንድ ርዕደ መሬት አንድ መጠን ብቻ አለው፤ ጠያቂው አዋሽም ሆነ አዲስ አበባ ቢኖር መልሱ አይለወጥም። ቁጥሩ በ1 ከፍ ሲል የሚወጣው ጉልበት ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ብርታቱ ግን እንደ ቦታው ነው። ምድጃው አንድ ቢሆንም አጠገቡ የተቀመጠና በር ላይ የቆመ እኩል አይሞቁም። ርቀቱ፣ የምንጩ ጥልቀት፣ ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ሁሉ ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያወደመው ርዕደ መሬት የተነሣው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር፤ ከተማዋ ግን የጥንት ሐይቅ በነበረ ለስላሳ ጭቃ ላይ ስለተሠራች ንዝረቱ እዚያ ሲደርስ በረታ።

ልዩነቱን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 መጠኑ 7.1 የሆነ ርዕደ መሬት ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተነሣ። ሌሊት ነበር፤ በፍርስራሽ የሞተ ሰው አልነበረም። በየካቲት 2011 የመጣው 6.2 ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ከመጀመሪያው ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል። ነገር ግን ከከተማዋ ጥግ፣ ከምድር ገጽ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ ቀትር ላይ ደረሰ፤ 185 ሰዎች ሞቱ። መጠኑን ብቻ የሰማ ሰው የትኛው እንደከፋ ሊገምት አይችልም።

ብርታትን ለመግለጽ የሚያገለግለው የሜርካሊ መለኪያ 12 ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ንዝረቱን የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል፤ በአምስተኛው የተኛ ይነቃል፤ በስድስተኛው ከባድ ዕቃ ይንቀሳቀሳል፣ ልስን ሊረግፍ ይችላል፤ አሥራ ሁለተኛው ፍጹም ውድመት ነው።

«ሬክተር ስኬል» የሚለውም ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ቻርለስ ሬክተር እ.ኤ.አ. በ1935 ለደቡብ ካሊፎርኒያ ያዘጋጀው መለኪያ ትልልቆቹን በትክክል ስለማይመዝን፣ ባለሙያዎች በ1979 በቀረበው የሞመንት መለኪያ ተክተውታል። «መጠኑ 5.5» ማለት ይበቃል።

ከመጠኑ ጋር እንዳይምታታ ብርታት በውጭ አገር በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል። ለእኛ የግእዝ ቁጥር አለን። «መጠኑ 5.5 ነው፤ ብርታቱ በምንጩ አካባቢ ፯፣ አዲስ አበባ ፬» የሚል ዜና ቢነገር፣ አድማጩ ስለ ርዕደ መሬቱም ስለራሱ ሰፈርም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያውቃል።