ረድፍ ዓምድ የሆነበት ታሪክ

ዓምደኞች ነንና ስለ ዓምድ የመጻፍ መብት አለን። የዛሬው ዓምድ ግን የጋዜጣ ሳይሆን የሠንጠረዥ ነው። በመረጃ ቋት ውስጥ ወደ ታች የተደረደረን ነገር ወደ ጎን ማዞር የኮምፒውተር ሰዎችን ለምን ይህን ያህል ዓመት እንዳስቸገረ እንጨዋወታለን። "የፕሮግራመሮች ጣጣ ነው" ብሎ ለመሄድ የቸኮለ አንባቢ ጥቂት ይታገሠን፤ ጣጣው የሁላችንም ነው።

ይህንን ሥራ ያለ ኮምፒውተር ሲሠራ የኖረ አንድ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ የክፍል ኃላፊ መምህራችንን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሒሳቡም፣ የአማርኛውም፣ የፊዚክሱም መምህር ማርክ ሊስቱን ያስረክበዋል። እሱ ደግሞ ሰፊውን ሮስተር ዘርግቶ ተማሪውን ወደ ታች፣ ትምህርቱን ወደ ጎን አድርጎ ይገለብጣል። 40 ተማሪ በ10 ትምህርት 400 ውጤት ነው፤ ያ ሁሉ በ40 ረድፍ ይሰበሰባል። ማን አንደኛ እንደወጣ የሚታወቀውም ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንሻገር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ሲሠራ በ1970 አንድ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ከመረጃ ቋት አንድ ነገር ለማውጣት ፕሮግራመሩ መረጃው የተቀመጠበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማወቅ ነበረበት። የኮድ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ነገር በሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሰውዬው የሚፈልገውን ብቻ ይጠይቅ፣ መንገዱን ማሽኑ ይፈልግ።

በዚህ ሐሳብ ግን ረድፍና ዓምድ እኩል አይደሉም። ረድፍ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማን ቀደመ ማን ተከተለ የሚለውም ቁም ነገር የለውም። ዓምድ ግን ውል ነው። ስሙም፣ የሚይዘው ነገር ዓይነትም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ያቀረቡት፣ በኋላም ኤስኪውኤል የተባለው የጥያቄ ቋንቋ ይህንኑ ውል ወረሰ። ስለዚህ የተማሪዎቻችን ውጤት በሦስት ዓምድ ብቻ ይቀመጣል፤ ተማሪ፣ ትምህርት፣ ውጤት። አዲስ ትምህርት ቢጨመር ረድፍ ይጨመራል እንጂ ሠንጠረዡ አይፈርስም። ለማሽኑ የተመቸ ነው። ርእሰ መምህሩ የሚጠይቁት ግን ሮስተር ነው!

መላው የመጣው በወንፊት ነው። በ1992 የወጣው የኤስኪውኤል ደረጃ "ኬዝ" የተባለችውን ቃል አካተተ። ትምህርቱ ሒሳብ ከሆነ ውጤቱን አሳልፍ፣ ካልሆነ ባዶ ተው። ለአማርኛም እንዲሁ፣ ለፊዚክስም እንዲሁ። ከዚያ የአንዱን ተማሪ አሥር ረድፍ ወደ አንድ ስንጨፈልቅ በእያንዳንዱ ዓምድ ዘጠኙ ባዶ፣ አንዱ ሙሉ ይሆናል፤ ትልቁን ስንወስድ የሚቀረው ያ አንዱ ነው።

የቢሮ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ ቀድሞ ነበር። በሎተስ ኩባንያ ፒቶ ሳላስ የጠነሰሰው ኢምፕሩቭ በ1991 ገበያ ወጣ፤ በ1993 ደግሞ ኤክሴል ፒቮት ቴብልን ይዞ መጣ። ሠንጠረዥን በማውዝ እየጎተቱ ማገላበጥ ተቻለ። የመረጃ ቋቶቹ ዘግይተው ተከተሉ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር "ፒቮት" የሚለውን ትእዛዝ በ2005፣ ኦራክል በ2007 አስገቡ። ማይኤስኪውኤል ዛሬም ይህ ትእዛዝ የለውም፤ ተጠቃሚው በወንፊቱ ይኖራል።

እንግዲህ ጣጣው የሁላችን ነው ያልነው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም መንገድ የዓምዶቹን ስም የሚዘረዝረው ጠያቂው ነው። አሥር ትምህርት ዘርዝሮ አሥራ አንደኛውን ቢረሳ፣ ማሽኑ "አንድ ትምህርት ቀርቷል" ብሎ አይጮኽም። ውጤቱ በቋቱ ውስጥ አለ፣ በሮስተሩ ላይ ግን የለም። ሮስተሩም ሙሉ ይመስላል።

ሁለተኛው ጣጣ ባዶዋ ሳጥን ናት። ታሞ ፈተና ያልተቀመጠ ልጅና ተቀምጦ ዜሮ ያገኘ ልጅ አንድ አይደሉም። ኮድ ራሱ በ1985 ባወጣቸው ሕጎች የሌለ መረጃ ከዜሮ ተለይቶ እንዲያዝ አጥብቆ ጠይቋል። ነገር ግን ሰንፎም ይሁን ሠንጠረዡ እንዲያምርለት፣ ወንፊቱ ላይ "ካልሆነ ዜሮ" ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር የታመመውን ልጅ በአንዲት ቃል ይጥለዋል። ልጁ ደረጃው ሲወርድ ያያል፤ ማን እንዳወረደው ግን አያይም።

የክፍል ኃላፊው መምህር ቢያንስ ባዶ ሳጥን ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ይህ ልጅ የት ሄደ?" ብሎ የሒሳቡን መምህር ይጠይቅ ነበር። ማሽን ካልነገሩት አይጠይቅም። ዛሬ የፈተና ውጤታችንም፣ ደመወዛችንም፣ የሕዝብ ቆጠራችንም ከረድፍ ወደ ዓምድ እየተገለበጠ በሪፖርት ይቀርብልናል። ሪፖርቱን ስናነብ ድምሩን ብቻ አንይ። ዓምዶቹን የሰየመው ማን ነው? ከዝርዝሩ የቀረውስ? ባዶው ባዶ ነው ወይስ ዜሮ? ይህን ለመጠየቅ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ ዓምደኛ መሆንም እንዲሁ።