ለአማካሪ የነገሩት ምስጢር የት ይሄዳል?

ማሃኔ የሁዳ ትንሽ ሰፈር ነው። ጠዋት ከኩፓት ሆሊም የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ሱቅ በር ላይ «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህም አንዲት እናት ወደ ሬቫሃ ወይም ወደ ፕሲኮሎግ እንድትሄድ ስትመከር፣ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃት «ወሬው የት ይደርሳል?» የሚለው ነው። ብዙዎችም «ሆድ ይፍጀው» ብለው ይተዉታል። በዚህ ጽሑፍ የእስራኤል ሕግና የሙያው ሥነ ምግባር ስለ ተገልጋይ ምስጢር ምን እንደሚሉ፣ አማካሪው ዝም ማለት የማይችልበት ጊዜ መቼ እንደሆነ፣ እንዲሁም ተገልጋዩ ምን መጠየቅ እንደሚችል እናያለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽምግልናና ምክር

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩ የሚታየው በሽማግሌ ፊት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን ያውቃሉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይሰማል፣ ጥፋተኛው ይገሠጻል፣ ካሳ የሚያስፈልግ ከሆነም ይቆረጣል። የሽምግልና ጉልበቱ ሰው ፊት መደረጉ ነው፤ ቃል የገባ ሰው ምስክር ስላለበት ያፍራል።

ምክር ግን በተዘጋ በር የሚደረግ ነው። አማካሪው አይፈርድም፣ ዘመድ አይጠራም፣ የሰማውን ለጎረቤት አያወራም። ብዙ አባቶች ከመጀመሪያው ቀጠሮ ሲወጡ «ትጠይቀኛለች እንጂ ምንም አትለኝም» ብለው ያማርራሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ለችግራቸው ፍርድ ጠብቀው ነው የመጡት። ይህን ልዩነት ገና በመጀመሪያው ቀን መንገር የአማካሪው ግዴታ ነው። ሽማግሌን የሚያከብር ሰው ሽማግሌውን መተው የለበትም፤ ሁለቱም ጋ መሄድ ይችላል። ብቻ አማካሪው ያለ ተገልጋዩ ፈቃድ ለሽማግሌውም ሆነ ለቄሱ የሚናገረው ነገር የለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ የወጣው በ1996 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ኦቬድ ሶሲያሊ በሥራው ምክንያት ስለ ሰው ያወቀውን ሁሉ በምስጢር መያዝ አለበት። ፕሲኮሎጎች ከ1977 ጀምሮ የራሳቸው ሕግ አላቸው። በዚያው በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግም የሐኪም ቤት መዝገብ ምስጢር እንዲሆን፣ ሕመምተኛው ደግሞ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማየትና ቅጂ መውሰድ እንዲችል ደንግጓል። እንግዲህ «ስለ እኔ ምን ጻፋችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አማካሪው ሥራውን ከሚቆጣጠረው ባለሙያ ጋር ስለ ጉዳይዎ ሊነጋገር ይችላል። ይህ እርስዎን በደንብ ለመርዳት የሚደረግ ነው፤ ያ ባለሙያም በዚያው ምስጢር የታሰረ ነው። በቡና ላይ የሚወራ ወሬ ግን፣ ስም ሳይጠራም ቢሆን፣ ክልክል ነው። እኛ ጋ «አንዲት ሴትዮ አለች፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ ባሏ ሾፌር የሆነ» ከተባለ ስም መጥራት ምን ያስፈልጋል?

ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜ

ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ሳይነገረው ቀርቶ በኋላ የደረሰበት ሰው እንደተከዳ ይሰማዋልና። በ1989 የወንጀል ሕጉ ሲሻሻል፣ አንድ ልጅ ወይም ራሱን መርዳት የማይችል ሰው በሚያሳድገው ወይም በሚንከባከበው ሰው እንደተጎዳ በቂ ምክንያት ኖሮት የሚያምን ማንም ሰው ለፖሊስ ወይም ለሕግ ጉዳይ ለተሾመ ኦቬድ ሶሲያሊ ማሳወቅ ግዴታው ሆነ። ጎረቤትም ይመለከተዋል። ባለሙያ ዝም ቢል እስከ 6 ወር እስራት ይጠብቀዋል። «አባት ልጁን በቀበቶ ቢቀጣ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። በአገራችን የነበረው ልማድ እዚህ እንደ ወንጀል ይታያል፤ አማካሪዋ ከሰማች ማሳወቅ ግድ ይሆንባታል።

እዚህ ላይ ወላጆችን የሚያስፈራው «ልጆቼን ይወስዱብኛል» የሚለው ነው። ማሳወቅ ማለት ልጅ መውሰድ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጉዳዩ ይጣራል። ያለ ወላጅ ፈቃድ ልጅን ከቤት ማውጣት የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃል። በ1960 የወጣው የወጣቶች ሕግ በጣም አስቸኳይ በሆነ አደጋ ጊዜ ከፍርድ ቤት በፊት እርምጃ መውሰድ ቢፈቅድም፣ ያ እርምጃ ከአንድ ሳምንት በላይ ያለ ፍርድ ቤት አይዘልቅም፤ ወላጅም በዚያ ቀርቦ የመናገር መብት አለው።

የትዳር ጓደኛ የሚመታት ሴት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ለአዋቂ ሰው ውሳኔው የራሱ ነው። በ1991 የቤተሰብ ዓመፅን ለመከላከል የወጣው ሕግ ባለሙያው ለተጎዳችው ሴት ወደ ፖሊስ፣ ወደ ሬቫሃ ወይም ወደ ሕክምና ማዕከል መሄድ እንደምትችል እንዲነግራት ያስገድደዋል። ሕይወቷ አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ሕይወት ከምስጢር ይቀድማል። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰውም እንዲሁ ነው። የሬቫሃ ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 118 ነው፤ በጭንቀት ላይ ላለ ሰው ደግሞ የኤራን ቁጥር 1201 አለ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሰፈራችን ምስጢር የሚወጣበት ዋናው በር የራሳችን ፊርማ ነው። «ቪቱር ሶዲዩት» የሚባል ቅጽ አለ፤ ትርጉሙ በምስጢሬ ላይ ያለኝን መብት ትቻለሁ ማለት ነው። ለቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ብዙ ወረቀት ስንፈርም ይህም አብሮ ይፈረማል። ከመፈረምዎ በፊት ለማን እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚፈለግ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ይጠይቁ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ተብሎ እንዲጻፍ መጠየቅም ይቻላል።

ልጅ አስተርጓሚ አይደለም

ሳይረዱት የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም። ማኅበረሰባችን ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። በጥር 1996 የለገስነው ደም በምስጢር ሲደፋ እንደነበር ታወቀና በኢየሩሳሌም ሺዎች ሰልፍ ወጡ። በጥር 2013 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ዴፖ ፕሮቬራ ስለተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ ለኩፖት ሆሊም ጻፉ፤ ውጤቱን በሚገባ አልተረዱት ይሆናል ተብሎ ለሚታሰቡ ኢትዮጵያዊያን ሴቶች መርፌው እንዳይታደስ፣ እንዳስፈላጊነቱም አስተርጓሚ እንዲጠራ አዘዙ። ከዚህ በኋላ እናቶቻችን ነጭ ካፖርት ሲያዩ ቢጠራጠሩ አልፈርድባቸውም።

እኔ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስመጣ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዕብራይስጥ ቶሎ ስለያዝኩ እናቴን ወደ ሐኪም የምወስዳት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሐኪሙ «ለምን እንቅልፍ አትተኛም?» ብሎ ጠየቃት። እሷም አዲስ አበባ ጉዞ ስንጠብቅ ስለ ሞተው ሕፃን መናገር ጀመረች። እኔ ስለዚያ ልጅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዞሬ ለሐኪሙ «ወገቧን ያማታል ትላለች» አልኩት። ክኒን ሰጣት፣ ወደ ቤት ሄድን። ስለ ሕፃኑ ዳግመኛ አላነሣችም።

ጥፋቱ የሐኪሙም የእኔም አልነበረም፤ ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረንም። ዛሬ ግን አለ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ማመቻቸት አለባቸው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ ወይም የትግርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። አስተርጓሚውም ሆነ ሜጋሼሩ እንደ አማካሪው ምስጢር ጠባቂ መሆን አለበት። ዘመድ ከሆነብዎ ወይም የሚያውቁት ሰው ከሆነ «ሌላ ይምጣልኝ» ማለት መብትዎ ነው፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

ዘመድ፣ ስጦታና ሰላምታ

የሥነ ምግባር መጻሕፍት አማካሪ ዘመዱን፣ ወዳጁን ወይም የሥራ ባልደረባውን አያክም ይላሉ። ይህን የጻፉ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ መኖሩን ያሰቡ አይመስለኝም። ሰባት ቤት ከተቆጠረ እኔ በፔታህ ቲክቫ ማንን ላክም ነው? እኔ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፤ በሰርግና በተዝካር አብረን የምንቀመጥ ከሆነ ጉዳዩን ለሌላ ባለሙያ አስተላልፋለሁ። ዝምድናው ሩቅ ከሆነ ግን ለተገልጋዩ ነግሬው እሱ ይወስናል።

በአንድ ነገር ላይ ግን መደራደር የለም። በአማካሪና በተገልጋይ መካከል የአልጋ ግንኙነት ሊኖር አይችልም። ከ2003 ጀምሮ በተገልጋዩ ጥገኝነት ተጠቅሞ ይህን የሚያደርግ የነፍስ ሕክምና ሰጪ በወንጀል ይጠየቃል፤ ተገልጋዩ ፈቅዷል ማለት አያድነውም፣ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ቢሆን እስከ 3 ዓመት ሊያስጠይቀው ይችላል። «አማካሪ» የሚለውን ስም ማንም ሰው በሩ ላይ ሊሰቅለው ስለሚችል፣ የሚሄዱበት ሰው የተመዘገበ ፕሲኮሎግ ወይም ኦቬድ ሶሲያሊ መሆኑን ይጠይቁ። በፕሲኮሎግ ላይ ያለ አቤቱታ ለጤና ሚኒስቴር፣ በኦቬድ ሶሲያሊ ላይ ያለው ደግሞ ለሬቫሃ ሚኒስቴር በጽሑፍ ይቀርባል።

ስጦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዓርብ ዕለት ዳቦ ጋግራ የመጣችን እናት «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ብዬ ብመልሳት ዳግመኛ አትመጣም። ዳቦውን ቆርሰን ከቢሮው ሰዎች ጋር አብረን እንበላዋለን፤ ገንዘብና ጌጥ ግን አልቀበልም፣ ለምን እንደማልቀበልም ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ።

መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልም። ሰላም ካልኩ አብሮት ያለው ሰው «ከየት ታውቅሃለች?» ማለቱ አይቀርም። በእኛ ባህል ታላቅን አይቶ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ እናገራለሁ። አንድ ሽማግሌ፣ ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ ሲሰሙኝ ሳቁና «ልጄ፣ ዝም ከተባባልን ደግሞ ተጣልተዋል ብለው ሊያስታርቁን ይመጣሉ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳገኛቸው እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ቆመው እስከ ልጆቼ ድረስ ደኅንነታችንን ይጠይቁኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ።