ጋቢ
ጥጥ፤ የእጅ ፈትልና ሽመና
2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.)
ሸማ ተራ፣ መርካቶ፣ አዲስ አበባ

አራት እጥፍ ነው። ቀን ይደረባል፣ ሌሊት ይለበሳል፤ ማደሪያ የጠበበው የቀን ሠራተኛ ከጓደኛው ጋር ይጋራዋል።

ጠርዙ ላይ እጥፎቹ የተሰፉበትን መስመር ይመልከቱ። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚያጣብቀው እንዲህ ባለ ስፌት ውስጥ ነው። ቅማሉ ባርቶኔላ ኩዊንታና የተባለ ባክቴሪያ ያዛምታል፤ የሚያስተላልፈውም በኩሱ ነው፤ ሰው ሲያክ በተላጠው ቆዳ ይገባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ የነበሩ ወታደሮችን በትኩሳት የጣለው ይኸው ባክቴሪያ ነበር። አንዳንዴ የልብ ቫልቭ ላይ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ በተለመደው የደም ካልቸር ምርመራም ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ባክቴሪያውን ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ የራስ ቅማሎች ውስጥ አገኘ። በ2017 ደግሞ በእስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ ለልብ ሕክምና በሄዱ ልጆች ላይ የቫልቭ ኢንፌክሽን ማምጣቱን ዘገቡ። በአገራችን የልጆች ቫልቭ ሲጎዳ ቀድሞ የሚታሰበው ከቶንሲል የሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ስለሆነ፣ ይህኛው ሳይታወቅ መቆየቱ አያስገርምም።

ሕክምናው ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜም የቫልቭ ቀዶ ሕክምና ነው። ቅማሉንና እንቁላሉን የፈላ ውኃ ይገድላቸዋል።