የአጋንንት ልክፍት በፊልምና በቪዲዮ

የአጋንንት ልክፍት ፊልም በርኩስ መንፈስ ስለተያዘ ሰው፣ ስለ ቤተሰቡና መንፈሱን ለማስወጣት ስለሚደረገው ትግል የሚተርክ የአስፈሪ ፊልም ዘርፍ ነው። በዓለም ዙሪያ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ኤክሶርሲስት» (አጋንንት አስወጪው) ከወጣ በኋላ ነው። ቪዲዮ በየቤቱ ሲገባ ዘርፉም ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ። በኢትዮጵያ የልክፍት ታሪክ ከፊልም በፊት በዛር፣ በጠበልና በቃሉ ልማድ የታወቀ ስለሆነ፣ ቪዲዮው የልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛ ሕሙማን ምስልም ማሰራጫ ሆኗል።

ዘ ኤክሶርሲስት

ፊልሙን ያዘጋጀው ዊልያም ፍሪድኪን ነው። ጽሑፉ ደራሲው ዊልያም ፒተር ብላቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ካሳተመው ልብ ወለድ በራሱ በብላቲ ተዘጋጀ። ለልብ ወለዱ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ በአንድ ታዳጊ ወንድ ልጅ ላይ ደረሰ የተባለ ልክፍት ነው። በፊልሙ የተያዘችው ግን ሬገን የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ናት። እናቷ መጀመሪያ የምትወስዳት ወደ ሐኪም ነው፤ ምርመራው መልስ ሲያጣ ሁለት የካቶሊክ ካህናት ይጠራሉ። ሬገንን ሊንዳ ብሌር፣ እናቷን ኤለን በርስቲን ተጫውተዋል። የአጋንንቱ ድምፅ የተዋናይት መርሴደስ ማክካምብሪጅ ነው። ፊልሙ ለ10 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ 2 አሸንፏል፤ በምርጥ ፊልም ዘርፍ በመታጨትም ከአስፈሪ ፊልሞች የመጀመሪያው ነው።

ከሲኒማ ወደ ቤት

በብሪታንያ ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች ለአዋቂዎች ያለ ቅነሳ ታይቷል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም በቪዲዮ ካሴት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሕግ ግን እያንዳንዱ ቪዲዮ ለቤት እይታ ተመርምሮ እንዲፈቀድ አስገደደ። ፈቃድ ስላላገኘ ካሴቱ በ1988 ከገበያ ተነሣ፤ የተፈቀደው በ1999 ነው። በነዚህ ዓመታት ፊልሙን ሲኒማ ገብቶ ማየት ይቻል ነበር፤ ካሴቱን ገዝቶ ቤት ማየት ግን አይቻልም ነበር። የመርማሪዎቹ ስጋት ካሴቱ ቤት ከገባ በኋላ ታዳጊዎች፣ በተለይም ልጃገረዶች፣ እንዳያዩት የሚከለክል አለመኖሩ ነበር።

ቆይቶ የቤት ቪዲዮ ራሱ የተረቱ አካል ሆነ። ኦረን ፔሊ እ.ኤ.አ. በ2007 የሠራው «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» አንድ ጥንዶች በመኝታ ቤታቸው ካሜራ ተክለው የሚያስቸግራቸውን መንፈስ ለመቅረጽ ሲሞክሩ ያሳያል። ፔሊ ፊልሙን የቀረጸው በራሱ ቤት፣ በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰፊው ታይቶ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ምስሉ የቤተሰብ ቪዲዮ ስለሚመስል ተመልካቹ እውነት ነው ወይስ ድርሰት ብሎ እንዲጠራጠር ያደርጋል።

በኢትዮጵያ፦ ከሰይጣን ቤት እስከ ዛር

ተንቀሳቃሽ ምስልና መንፈስ በኢትዮጵያ ገና ከጅምሩ በስም ተገናኝተዋል። በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀደምት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው፤ ሰው በሌለበት ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ መታየቱ ከዚህ ዓለም የሆነ ነገር አይመስልም ነበርና።

በዛር እምነት የመንፈሱ አያያዝ በፊልሞቹ ከሚታየው ይለያል። ዛሩ ሁልጊዜ አይባረርም። ስሙን እንዲናገር ይጠየቃል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ የሚፈልገው ልብስ ወይም ዶሮ ይቀርብለታል። የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ከመንፈሱ ጋርም ዕድሜ ልኩን ተስማምቶ ሊኖር ይችላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አየሁ በተባለች ባለዛር ቤት የሚሆነውን ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱ የቴአትር ጠባይ እንዳለው፣ ሰዎቹ ግን እንደ ተዋናይ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ነገር መሆኑን ገለጸ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዛርን ልማድ ታወግዛለች። በጠበል ቦታ መንፈሱ አይለመንም፤ ማን እንደሆነና መቼ እንደያዘ ይጠየቃል፣ በመስቀልና በጸሎት እንዲለቅ ይታዘዛል።

አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አዳማ (ናዝሬት) ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅቡቲ መንገድ ላይ ትገኛለች። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ለልክፍት የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ኦርቶዶክሱ ወደ ጠበል ይሄዳል፤ ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራል፤ ፕሮቴስታንቱ በጉባኤ ጸሎት ነጻ መውጣትን ይሻል። በኦሮሞ ባህል ደግሞ አያና ክፉ መንፈስ ማለት አይደለም፤ በቃሉ ላይ የሚሰፍር፣ የሚከበርና የሚጠየቅ መንፈስ ነው። ስለዚህ አንዱ «አጋንንት» የሚለውን ሌላው በዚህ ስም ላይጠራው ይችላል።

ይህ መደራረብ በሁለት ቦታዎች ጎልቶ ይታያል። የዝቋላ ተራራ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ምእመናን የሚወጡበት ገዳም ነው፤ በኦሮሞ ባህላዊ እምነትም የተከበረ ተራራ ነው። በአርሲ የሚገኘው ፈረቀሳ ደግሞ በእመቤት ሞሚና ስም የታወቀ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለስለትና ለፈውስ የሚጓዝበት ቦታ ነው።

ልብ ወለድና እውነተኛ ሕመምተኛ

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ልክፍትን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ከውጭ አገር ወደ መንደሩ የተመለሰው ምሁር አንበርብር በቅዠት ሲሠቃይ ቤተሰቡ ርኩስ መንፈስ ይዞታል ብሎ ጠበል ያስረጨዋል። ተመልካቹ ግን ያሳደደው የአብዮቱ ዘመን ትዝታ መሆኑን ያያል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2009 የፌስፓኮን ዋና ሽልማት አግኝቷል።

ከፊልሞቹ ጎን በጠበል ቦታና በጸሎት ጉባኤ የተቀረጹ ምስሎች በካሴት፣ በሲዲ፣ በኋላም በኢንተርኔት ተሰራጭተዋል። ለሚያምኑት ምስክርነት ናቸው፤ የማጽናናት ኃይልም አላቸው። ይሁን እንጂ ሬገንን የተጫወተችው ልጅ ቀረጻው ሲያበቃ ስሟን ይዛ ወደ ቤቷ ሄዳለች። እየጮኸች የተቀረጸች ሕመምተኛ ግን ፊቷ ከነጩኸቷ በሰፈሯ፣ በትምህርት ቤቷና በሥራ ቦታዋ ይታያል። ራሷን ሳታውቅ ስለተቀረጸች ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ምስሉ አንዴ ከተባዛ በኋላም ሰብስቦ ማጥፋት አይቻልም።

ሌላው ጉዳይ ሕክምና ነው። በአጋንንት ተይዟል የሚባል ሰው የሚጥል በሽታ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም የሐዘን ጫና ሊኖርበት ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ዛርን ከባህል ጋር በተሳሰሩ የሕመም መገለጫዎች ውስጥ አስገብቶታል። እምነትና መድኃኒት የግድ እንደማይጋጩም ከቤተ ክርስቲያን በኩል ተነግሯል፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። በ«ዘ ኤክሶርሲስት» ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ ካህኑ ይገባል፤ በእውነተኛው ሕይወት ግን ሁለቱ በአንድ ሕመምተኛ አጠገብ ሊቆሙ ይችላሉ።

ደግሞ ይዩ፦ ዛር፣ ጠበል፣ አያና፣ ዝቋላ፣ ጤዛ (ፊልም)፣ አዳማ