ስልክ ሲደወል ማን ይከፍላል? የቁጥር ምርጫና የደዋዩ ወጪ

በቦንጋና በካፋ ዞን የወረዳ ከተሞች በሱቆች፣ በመጋዘኖችና በወፍጮ ቤቶች ደጃፍ ላይ ከንግዱ ስም ቀጥሎ በጉልህ የሚጻፈው የስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደንበኛንና ነጋዴን ከማገናኘት ባለፈ የጥሪው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍም ይወስናል።

በኢትዮጵያ በመደበኛ የአገር ውስጥ ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ነው፤ ጥሪውን የሚቀበለው ወገን አይከፍልም። በመሆኑም ከጊምቦ፣ ከዴቻ ወይም ከጨና ወረዳ የቡና፣ የማር ወይም የኮረሪማ ዋጋ ለመጠየቅ ወደ ቦንጋ ነጋዴ የሚደውል አርሶ አደር ወጪውን የሚሸፍነው ከራሱ የአየር ሰዓት ነው።

የቁጥሩ መነሻ የመስመሩን ዓይነት ያመለክታል። በ047 የሚጀምረው የደቡብ ምዕራብ አካባቢ መደበኛ ስልክ ሲሆን፣ ባለ አሥር አኃዝ አደዋወሉ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ነው። በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምረው ደግሞ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር ነው።

ከእነዚህ ሌላ ባለ ሦስትና ባለ አራት አኃዝ አጭር ቁጥሮች አሉ። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 የሚታወቁ ናቸው። ለአርሶ አደሩ በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው 8028 ስለ ሰብል አመራረት ምክር በድምፅ የሚያሰማ ነፃ መስመር ነው።

ነፃ መስመር ማለት ግን ወጪ የሌለው ጥሪ ማለት አይደለም። የጥሪውን ሂሳብ በደዋዩ ፈንታ የሚከፍለው ቁጥሩን ያስመዘገበው ተቋም ነው። በዚህ ምክንያት ነፃ መስመርን በብዛት የሚይዙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው፤ አነስተኛ ነጋዴ ወጪውን አይችለውም።

አጭር ቁጥር ሁሉ ነፃ ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። አንዳንዶቹ ከመደበኛ ጥሪ በላይ ያስከፍላሉ። የዜና፣ የዕጣ ወይም የመዝናኛ መልእክት የሚልኩ ቁጥሮች ደንበኛው አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ በየመልእክቱ ወይም በየቀኑ ሂሳብ ሊቀንሱ ይችላሉ። ከእንዲህ ዓይነቱ ምዝገባ ለመውጣት “ስቶፕ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደዚያው ቁጥር መላክ የተለመደው መንገድ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ቀሪ ሂሳቡን በ*804# ከጥሪው በፊትና በኋላ ቢመለከት የተቀነሰበትን መጠን ያውቃል።

ለነጋዴው የቁጥር ምርጫ ከዋጋም በላይ ነው። ለማስታወስ የሚቀሉ፣ አኃዛቸው የሚደጋገም ቁጥሮች ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅባቸዋል። ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ማማር ይልቅ የሚቀድመው በማን ስም እንደተመዘገበ ማረጋገጥ ነው። በሠራተኛ ወይም በዘመድ ስም የወጣ ሲም ካርድ ሕጋዊ ባለቤት ያ ሰው ነው፤ ሰውየው ሥራውን ሲለቅ ለዓመታት በማስታወቂያ ሰሌዳና በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈው ቁጥር አብሮት ሊሄድ ይችላል። የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ከሆነም ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ ቁጥሩን በንግዱ ባለቤት ወይም በድርጅቱ ስም ማስመዝገብ፣ ሲም ካርዱ ሲጠፋም ሳይዘገዩ በዚያው ቁጥር ምትክ ማውጣት ይገባል።

ደንበኞቹ በሁለቱም ኔትወርኮች የሚጠቀሙ ነጋዴ ከሁለቱም አንዳንድ ቁጥር መያዝ ይችላል። ደንበኛው “ሚስኮል” ሲያደርግ መልሶ መደወልም በገጠር ላለው ሻጭ ነፃ መስመርን የሚተካ ቀላል ዘዴ ነው። ቁጥሩ በእርግጥ ነፃ ከሆነ ደግሞ “ነፃ ጥሪ” የሚለውን ከጎኑ መጻፍ የአየር ሰዓቱን ቆጥቦ ለሚጠቀም ገበሬ የመደወልና ያለመደወል ልዩነት ያመጣል።