የማጀቴ ትምህርት

ስለ ሐይቅ አፈጣጠር በአገሩ ሰው ዘንድ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተበደለች፤ ስለ በደሏም በዙሪያዋ ያለው መሬት ከነበዳዮቿ ውኃ ሆነ፤ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። የመሬት ተመራማሪዎች ደግሞ ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦ የተኙበትን ጎድጓዳ ስፍራ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ስብራት ጋር ያያይዙታል። አፈ ታሪኩንም ተቀበልን ጥናቱን፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ቤታችንን የሠራነው ዝም ብላ በማትቀመጥ ምድር ላይ ነው። ታዲያ ለዚህ ምን ያህል ተሰናድተናል?

ወደ ኋላ ተመልሰን ታሪክን እንጠይቅ። ከደሴ በስተደቡብ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ካራቆሬ የምትባል ከተማ አለች። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መገባደጃ ላይ በዚያ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ለወራትም ሳታርፍ ቆየች። ከሁሉ የበረታው የግንቦት 24ቱ ሲሆን መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። የማጀቴ ከተማ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች፤ 5,000 ያህል ነዋሪዎቿም መጠለያ አጡ። በካራቆሬም ግማሽ የሚጠጉት ቤቶች ተጎዱ፤ አውራ ጎዳናውም ተሰነጣጠቀ።

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ምድር ስትንቀጠቀጥ በዝናብ የራሰው ቁልቁለት ተንዶ ቤትንና ሰውን ይዞ ወርዷል። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ ፈርሳ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። በቅርቡም ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተናወጠች፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6 ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀቁ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባም ድረስ ተሰማ።

አስተውሉ! በሜዳ ላይ የቆመን ሰው መንቀጥቀጡ ብቻውን እምብዛም አይገድለውም። የሚገድለው የሚናደው ግድግዳ፣ የሚወድቀው ጣሪያና የሚንሸራተተው ቁልቁለት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ መንደሮች በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ነበሩ። የእኛም ተራራማ መንደሮች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ድንጋዩ በጭቃ ብቻ ተያይዞ ሲቆም ክብደቱን ይችላል፤ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ይበተናል። በቋሚና በማገር ተሳስሮ በጭቃ የተመረገው የእንጨት ቤት ደግሞ ምርጉ ቢረግፍም አጥንቱ ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። አባቶቻችን ማገሩን ጠበቅ አድርገው ማሰራቸው ትልቅ ጥበብ ነበር።

ዛሬ ብሎኬትና ሲሚንቶ መጥቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ፌሮው የሳሳ፣ ሲሚንቶው የተቆጠበ፣ ግድግዳው ዙሪያውን በማሰሪያ ያልተያዘ ቤት ከጭቃው ቤት ይልቅ አደገኛ ነው። አገራችን በ1987 ዓ.ም. ሕንፃዎች የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋሙ የሚያስችል ደንብ አውጥታለች። ደንቡ ግን በወረቀት ላይ ተቀምጦ ማንንም አያድንም፤ በግንበኛው እጅና በባለቤቱ ኅሊና ውስጥ መግባት አለበት።

ውኃውስ? ምድር ስትናወጥ ቧንቧ ይሰበራል፣ ምንጭ ይደፈርሳል፤ አንዳንዴም ይደርቃል ወይም ቦታ ይለውጣል። ሳትናወጥም ቢሆን ውኃ እንደነበረ አይኖርም። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ1520 እ.ኤ.አ. ሐይቅን ሲያይ የእስጢፋኖስ ገዳም በደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ያው ስፍራ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። በ1965 እና በ1966፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ድርቅና ረኃብም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

አንዳንድ ወንድሞች «የአላህ ውሳኔ ከሆነ ምን ማድረግ ይቻላል?» ይላሉ። ቀደርን ማመን ግዴታችን ነው፤ ነገር ግን ሰበብን መተው ተወኩል አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ፈትቶ በአላህ ሊመካ ላሰበው ሰው አስቀድሞ እንዲያስረው ነግረውታል። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ድርቁ እንደሚመጣ ባወቁ ጊዜ በጥጋቡ ዘመን እህል እንዲከማች አደረጉ እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ግድግዳን ማሰርና ውኃን ማጠራቀምም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ዑለማዎቻችንም ይህን ጉዳይ ችላ አላሉትም። በ1505 እ.ኤ.አ. ያረፉት ግብፃዊው ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ እስከ ዘመናቸው የደረሱትን የመሬት መንቀጥቀጦች በየዓመታቸው የዘረዘሩበት ኪታብ ጽፈዋል። በአገራችንም የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል። የተጻፈ አይረሳም። የካራቆሬን ዘመን ያዩ አዛውንቶች ሳያልፉብን የሚያስታውሱትን ጠይቆ መጻፍ የደረሶቻችን ሥራ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከአቅማችን በላይ አይደለም። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የተቆረጠ ገደል ሥርና ጫፍ ላይ አይሥራ፤ ለግንበኛው ከቀለሙ በፊት ስለ ማሰሪያው ይጠይቀው። ከቁልቁለት በላይ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይቆፈር፤ እርከኑ ይጠገን። ከመስጂዱና ከትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ የሚወርደው የክረምት ውኃ በጋን ይጠራቀም። በየቤቱ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ንጹሕ ውኃ በተከደነ ጀሪካን ይቀመጥ። ምንጩ ይታጠር፤ ከብት አይግባበት። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ለመቅበር ድንኳንና ገንዘብ ያዘጋጃል፤ ሰው እንዳይሞትም አካፋና ገመድ፣ ባትሪና የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ቢያዘጋጅ ምን ይከብደዋል? ልጆችም ምድር ስትንቀጠቀጥ ከግድግዳና ከመስታወት ርቀው በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተሸሽገው ራሳቸውን እንዲከላከሉ፣ ሲያቆም ወደ ሜዳ እንዲወጡ ይማሩ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገሬ ሰው። ማጀቴ ከፈረሰች ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ከሥሯ ያለው ስብራት ግን አልተደፈነም። ቀኑን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ማገሩን ማጥበቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው። አላህ አገራችንን ከመከራ ይጠብቅ፤ ሰበቡን የምናደርስም ያድርገን።