ከሕፃናት ጋር በጣና ሐይቅ ዓሣ ማጥመድ፦ ለቤተሰቦች የተዘጋጀ መረጃ

ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነሥተው በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዙ ቤተሰቦች በመንገዳቸው ዘንገና ሐይቅን ያገኛሉ። ዘንገና እጅግ ውብ ቢሆንም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተፈጠረ ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ገደላማ በመሆኑ ሕፃናትን ይዞ መንጠቆ ለመጣል አይመችም። ከላይ ሆኖ ማየቱ ይበቃል።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ጢስ ዓባይም የሚጎበኝ እንጂ ከልጆች ጋር የሚጠመድበት ቦታ አይደለም። ወንዙ በዚያ አካባቢ ኃይለኛ ነው፤ የውኃው መጠንም እንደ ወቅቱና እንደ ኃይል ማመንጫው አሠራር ይለዋወጣል። ሆኖም ፏፏቴው ከሐይቁ ዓሦች ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። ከ40 ሜትር በላይ የሆነው ገደል በታችኛው ዓባይ የሚኖሩ ዓሦች ወደ ጣና እንዳይወጡ አግዷል። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ በርካታ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ሊኖሩት የቻለውም በዚህ መነጠል ምክንያት ነው። ልጆች መንጠቆ ከመያዛቸው በፊት ይህን ታሪክ በፏፏቴው ፊት ቢሰሙ ይበልጥ ይገባቸዋል።

በሐይቁ በብዛት የሚታወቁት ነጭ ዓሣ፣ ቀረሶና አምባዛ ናቸው። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣል። በወንዞቹ አፍ ላይ በዚህ ወቅት የሚያዝ አንድ ዓሣ በሆዱ የሚቀጥለውን ትውልድ የያዘ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ጉዞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ቢሆን ይመረጣል። ሴቷ ቀረሶ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ፣ ጫጩት በአፏ የተገኘባትን ወዲያውኑ ወደ ውኃው መመለስ ይገባል። የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ በትኖ ማጥመድ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ስለሚፈጅ፣ ለልጆች እንደ ባህላዊ ጥበብ ሊታይ አይገባም።

የዘርፉ አገር አቀፍ ሕግ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። ለመዝናናት ለማጥመድ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ፈቃድን፣ የተከለሉ ቦታዎችንና የተፈቀዱ መሣሪያዎችን በሚመለከት ከጉዞው በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ለልጆች ቀላል ዘንግ፣ ናይለን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና የምድር ትል በቂ ናቸው። አምባዛ በጎን ክንፎቹ ላይ የሚዋጋ እሾህ ስላለው ከመንጠቆው የሚያላቅቀው አዋቂ ሰው መሆን አለበት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ውኃው ነው። በጣና ዳርቻ የብልሃርዝያ በሽታ ስለሚገኝ ልጆች እግራቸውን ነክረው እንዲቆሙ ወይም እንዲዋኙ መፍቀድ አይገባም፤ ከደረቅ መሬት ወይም ከጠንካራ መሰላል ላይ ሆነው ያጥምዱ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች ስላሉ ቦታውን የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቆ መምረጥ ያስፈልጋል። እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ ጥልቀቱን ስለሚደብቅ አይመረጥም። የደንገል ታንኳ መከለያ የሌለው በመሆኑ፣ ምንም ያህል ልጆችን ቢያጓጓ፣ ለፎቶግራፍ ብቻ ቢሆን ይሻላል። በጀልባ የሚሄዱ ከሆነ በልጁ ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ከመሳፈር በፊት ማረጋገጥ ይገባል። ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሊበረታ ስለሚችል ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው።

ነጭ ዓሣ ጥቃቅን አጥንት ስለሚበዛበት ለሕፃናት ቀረሶ ይሻላል፤ በሚገባም መብሰል አለበት። ልጁ ከጉዞው በኋላ በነበሩት ሳምንታት ትኩሳት፣ የቆዳ ማሳከክ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢታይበት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ሐይቅ ዳር ቆይቶ እንደነበር ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።